በሻያችን ውስጥ ያለው ሐቅ

 

ስኳር ሲጠፋ ሸማቾች ማኅበር በር ላይ እንሰለፋለን፤ ዋጋው ሲጨምር እናማርራለን። ሻያችንን እያማሰልን ግን «ይህ ስኳር ሲመረት ማን ምን ከፈለ?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

እስቲ ወደ አዋሽ እንሂድ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደ መተሐራ ተስፋፋ። መሬቱ ግን ባለቤት አልባ አልነበረም። አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑት የከረዩ አርብቶ አደሮች በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው የሚወርዱበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። አገዳው ያንን ያዘው፤ በዚያው ዘመን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ሌላውን ከለለው። ድርቅ ሲመጣ መሸሻ ያጣ ሰው ከብቱ ያልቅበታል፤ በቀረችው ውሃና ሣርም ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫል። እኛ ከሩቅ ሆነን «የጎሳ ግጭት» ብለን እናልፈዋለን።

ወንጂ ላይ ሌላ ዋጋ ተከፍሏል። ሠራተኞችና ልጆቻቸው ለዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ በብዙ ያለፈ ነበር። የልጆች ጥርስ በለዘ። ዕድሜያቸውን እዚያ ከሠሩት መካከል አንገታቸውና ወገባቸው ደርቆ የጎበጡ አሉ።

ስኳር ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ሐላል ነው፤ የአላህ ኒዕማ ነው። ፋብሪካውም ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ግን ሱረቱ አት-ተካሡር የሚዘጋው ስለ ኒዕማ እንደምንጠየቅ በማስታወስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰው መሬት በግፍ የወሰደ፣ ስንዝር እንኳ ብትሆን፣ የቂያማ ቀን ምን እንደሚጠብቀው አስጠንቅቀዋል። ስንዝር! በተበዳይ ዱዓና በአላህ መካከል ግርዶ እንደሌለም አስተምረውናል።

ነገ ከእናንተ መሐል መሐንዲስ፣ ባለሥልጣን፣ ባለሀብት ይወጣል ኢንሻአላህ። ያኔ ከመፈረማችሁ በፊት «መሬቱ ላይ ማን አለ? ውሃውን ማን ይጠጣል?» በሉ። ዛሬ ደግሞ ኒዕማውን አታባክኑ፤ የላብ አደሩን ሐቅ በጊዜው ስጡ፤ ስለተፈናቀለ ሰው ስትሰሙ ከመፍረዳችሁ በፊት ታሪኩን ጠይቁ።

ያ አላህ! ከበዳዮች አታድርገን፤ በደልን አይተው ዝም ከሚሉትም አታድርገን። አሚን።

በጁሙዓ ቀን ሰለዋት ማብዛትን አንርሳ።