የትምህርት ውጤትና የፍርዳችን ሚዛን



በጋምቤላ የፈተና ውጤት በተነገረ ቍጥር «የደገኛው ልጅ ትጉህ ነው፤ የአኝዋኩና የኑዌሩ ግን ትምህርት አይወድም» የሚል ፍርድ ይሰማል። ይህ ፍርድ እውነት ነውን?

ፈረንሳውያኑ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት ፒየር ቡርድዩና ዣን ክሎድ ፓስሮን በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ትምህርት ቤት ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቋንቋና ልማድ እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ቈጥሮ ይሸልመዋል። ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ለብዙ የደገኛ ልጆች ደግሞ የቤትም ቋንቋ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ቢፈቅድም ይህ ልዩነት አልጠፋም። በበጋ ከብት ተከትሎ ወደ ወንዝ ዳር የሚወርድ የኑዌር ልጅም አለ፤ የትምህርቱ ዘመን እኩሌታ የሚያልፈው በዚያው ወራት ነው። ይህን ስንፍና ማለት ሐሰተኛ ምስክርነት ነው።

«ሁሉን በኑሮ ካመካኘን የልጁ ጥረት ምን ሊሆን ነው?» የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በመክሊቱ ምሳሌ (ማቴ. 25) ሁለት ያተረፈው አገልጋይ አምስት ካተረፈው ጋር እኩል ተመሰገነ፤ ጌታው ጥረቱን አልናቀም፣ አስቀድሞ የሰጠውንም መጠን አልዘነጋም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም ያለውን ሕፃን «አያውቅም» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት፣ በእናቱ ቋንቋ የሚጠይቀው ሰው ፈልጉለት።