መዝገብ ላይ ያለ፣ ክፍል ውስጥ የሌለ

የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪ፣ የጌዶ መምህራንና ርእሳነ መምህራን፣ ነገሩ የሚመለከተው እናንተን ነው። በየዓመቱ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን ብዛት ቅጽ ላይ ትሞላላችሁ፤ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳናት፣ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለበት እያላችሁ ትቆጥራላችሁ። ቅጹ ወረዳ ይደርሳል፣ ዞን ይደርሳል። ልጁ የኋላ ወንበር ላይ ይቀራል።

ዓይኗ የደከመ ልጅ ከኋላ አስቀምጣችሁ፣ በዕድሜ ብዛት በነጣ ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ትጽፋላችሁ። አልታይ ሲላት ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጣለች፤ ይኼኔ «አንቺ! ራስሽ አትጽፊም?» ብላችሁ በጓደኞቿ ፊት ታሸማቅቋታላችሁ። ጆሮው የከበደ ልጅ ትምህርቱን የሚከታተለው ከንፈራችሁን እያየ ነው፤ እናንተ ግን ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ከሰሌዳው ጋር ታወራላችሁ። ተጠይቆ ዝም ሲል «ደደብ» ትሉታላችሁ። ክፍሉ ይስቃል። ይህን ሳቅ ልጆቹ ከማን ተማሩት?

«ክፍሉ ሰባ ልጅ ነው፤ በጀት የለም፤ የምልክት ቋንቋ አልሠለጠንንም» ትላላችሁ። እውነት ነው። በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ የብሬል መጽሐፍ ከኪሳችሁ አሳትሙ ያላችሁ የለም፤ የዚያ ተጠያቂ ዞኑና ትምህርት ቢሮው ናቸው፣ እነሱም አያመልጡም። ልጅቷን የፊት ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ግን የየትኛው ቢሮ ማኅተም ነው የጎደለው? የጻፉትን ድምፅ አውጥቶ ለማንበብስ? መስኮት ተደግፋችሁ ስታስተምሩ ብርሃኑ ከኋላችሁ ስለሚመጣ ከንፈራችሁ ጆሮው ለከበደው ልጅ አይታየውም፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ለማለት በጀት አይጠየቅም።

ማየት የተሳነው ልጅ ይዞ የመጣን ወላጅ ደግሞ «ሰበታ፣ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ውሰዱት» ብላችሁ የምትመልሱ አላችሁ። ልጅ በአካባቢው ትምህርት ቤት ይማር የሚለው የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ አላየነውም አትበሉ።

ርእሳነ መምህራን እንግዳ ሲመጣ ራምፑን ታስጎበኛላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከመግቢያው ጋር መጸዳጃ ቤቱም ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ያዝዝ ነበር። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ ደርሷል። በዊልቸር ክፍል የገባች ተማሪ ሽንት ቤቱ ደረጃ ስላለው ውኃ ሳትቀምስ የምትውል ከሆነ፣ ራምፑ የተሠራው ለማን ነው?

ሰኔ ላይ ደግሞ መማር የከበደውን ልጅ «ይለፍ» ብላችሁ ወደሚቀጥለው ክፍል ትገፉታላችሁ፤ ለሚረከበው መምህር አንዲት መስመር እንኳ አትጽፉለትም። ስሙን ይጽፋል? ብር ይቆጥራል? የሚያስፈራው ምንድን ነው? ማን አጠገብ ሲቀመጥ ይረጋጋል? የዘንድሮው ሮስተር ሳይዘጋ ይህን በየልጁ ስም ትይዩ ጻፉ። የምትጽፉት ካጣችሁም ወላጁን ጥሩና ዓመቱን ሙሉ ምን ስትሠሩ እንደከረማችሁ ራሳችሁ ንገሩት።