ባለንጀራዬ እስከ የት ድረስ ነው?



ባለፈው የውይይት ጊዜአችን አንድ ወንድማችን «በገዛ ቤቴ የተራበ እያለ ስለ ሩቅ አገር ገበሬ የማስበው ምን ዕዳ ኖሮብኝ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። በዕለቱ የሚሆን መልስ ስላላገኘሁ ዝም አልሁ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ስለዚህ ከራሴ ትዝታ ተነሥቼ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት እንደ ተዘጉ ስለ ነበር ቆቦ አጠገብ አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ማሽላው ፍሬ ይዞ ለአጨዳ ተቃርቧል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በምሥራቅ በኩል ቡናማ ደመና የመሰለ ነገር ታየ። አንበጣ ነበር። ሴቱ ቆርቆሮ፣ ልጁ ጀሪካን፣ ወንዱ ጅራፍ ይዞ ወጣ። ጭስ አጨስን፤ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኽን። መንጋው ከአጎቴ ማሳ ሲነሣ ከጎረቤቱ ማሳ ያርፋል፤ ጎረቤትየው ደግሞ በጅራፍ ወደ እኛ ይመልሰዋል። በመንደሩ ክፉ ሰው የለም፤ ሁሉም የልጆቹን ጉሮሮ ነው የሚያድነው። ግን ቀኑን ሙሉ ስንሠራ የዋልነው ጥፋቱን እርስ በርስ መወራወር ነበር። ማታ አጎቴ እጃቸውን እየታጠቡ «አባረን አባረን ለማን ሰጠነው?» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ቀጥለውም «አንተ ተማሪ ነህ፣ ይህ ፍጥረት ከየት ነው የመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር፤ ማፈሬን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። (በዚያ አገር ላይ ከዚያ በኋላ የወረደውን የጦርነት መከራ እዚህ አላነሣም፤ ለብቻው የሚጻፍ ነው።)

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ የአጎቴን ጥያቄ ይዤ ማንበብ ጀመርሁ። ነገሩ የተጀመረው አንበጣው ቆቦ ከመድረሱ ከሁለት ዓመት በላይ አስቀድሞ ኖሯል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. «መኩኑ»፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ «ሉባን» የተባሉ ዐውሎ ነፋሶች በዓረብ ምድር ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን፣ ሰው የማይኖርበትን በረሃ አራሱት። በአሸዋው መካከል ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ዘነበ። የበረሃ አንበጣ ዕንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። አንድ ትውልድ በሦስት ወር ገደማ ሲተካ ቁጥሩ እስከ 20 እጥፍ ያድጋል፤ እንግዲህ በስድስት ወር 400 እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዚያ በረሃ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን አለፈ፤ የመን በጦርነት ላይ ስለ ነበረች በሚገባ የሚከላከለው አልተገኘም። ባሕሩንም ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ አገራችን ገባ።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልኩ በላይ ሞቆ ስለ ነበር በምሥራቅ አፍሪቃ ዝናቡ እጅግ በዛ፤ በኅዳርም «ፓዋን» የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሶማሊያን መታ። ለአንበጣው ሌላ የመራቢያ ቦታ ተዘጋጀለት ማለት ነው። በታኅሣሥ ኬንያ ደረሰ፤ ለኬንያ ከ70 ዓመት ወዲህ፣ ለእኛና ለሶማሊያ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ወረራ ሆነ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ይበላል፤ ከነፋስ ጋራ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንዲህ ያለውን ጠላት ኬላ ላይ ፓስፖርት አይጠይቁትም።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ። በቤትህ የተራበው ሰው አጎቴ ናቸው እንበል። የተራቡበት ምክንያት ግን ከቤትህ ውጭ፣ አይተኸው በማታውቀው አሸዋ ላይ ነው ያለው። አንበጣ ገና ክንፍ ሳያወጣ ኩብኩባ ሳለ በምድር ላይ ስለሚሳብ በጥቂት ሰውና በጥቂት መድኃኒት ይገታል። ክንፍ ካወጣ በኋላ አውሮፕላን ይፈልጋል፤ ቆቦ ከደረሰ በኋላ የቀረው ጅራፍና ጩኸት ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ እሳቱ ያለው በሰው ጓሮ መሆኑ ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች አስቀድመው ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የአካባቢው አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው የምሥራቅ አፍሪቃ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን አቋቋሙ። ድርጅቱ ዛሬም አለ። ነገር ግን አባል አገሮች መዋጮአቸውን በጊዜው አለመክፈላቸው የቆየ ችግሩ ነው። ለምን ቢሉ፣ አንበጣ በሌለበት ዓመት ለአንበጣ ጠባቂ ደመወዝ መክፈል ለማንም አይጥምም። በረኃብ ጊዜ ስንዴ የጫነ መርከብ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ረኃብ ያልሆነበት ዓመት ግን ፎቶግራፍ የለውም። ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንማር የወደቀውን ሰው ያነሣውን እናመሰግናለን፤ ተገቢም ነው። ሰውየው ሳይወድቅ መንገዱን የሚጠብቀውን ግን ማን ያመሰግነዋል? ከባዱ በጎነት ይህኛው ይመስለኛል፤ ምስጋና የለውምና።

«እንግዲያስ የምትለው ሁሉ ለራስ ጥቅም ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው፤ እኔንም ያስቸገረኝ ይህ ነው። ለጥቅም ብቻ ከሆነ ነፋሱ ወደ እኛ ባልነፈሰበት ዓመት የየመን ገበሬ ይረሳል። ደግሞም የሶማሌውን አርብቶ አደር እናስብ። ኩብኩባው የሚረጨው በእርሱ ግጦሽ ላይ ነው። በኬሚካል ከተረጨ ንቡ ይሞታል፤ ከብቱንም ለጊዜው ከሣሩ ማራቅ አለበት። የሚድነው ግን የደጋው ጤፍ ነው። ሶማሊያ በዚያ ወረራ ጊዜ ከፈንገስ የተሠራ መድኃኒት በሰፊው ተጠቀመች፤ ሥራው ዘገምተኛ ቢሆንም ሌሎቹን ነፍሳት የማይጎዳ ስለሆነ ነው። ለእኛ ማሽላ ሲል ግጦሹን ያስረጨ ሰው ድርቅ ሲመታው ከደጋው የሚላክለትን እህል ምጽዋት ብለን መጥራት አንችልም። ብድራቱ ነው።

ዕዳው በአርሶ አደሩና በአርብቶ አደሩ መካከል ብቻም አይቀርም። ባሕሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር እንደ 2012 ያለው ዓመት ሊደጋገም እንደሚችል የአየር ጠባይ ሊቃውንት ይናገራሉ። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው አጎቴ ባሕሩን ካሞቀው ጢስ ያላቸው ድርሻ ኢምንት ነው። ፋብሪካና መኪና የሞላባቸው አገሮች ለጥበቃው ገንዘብ ሲያዋጡ «ረዳናችሁ» ማለታቸው ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። እኛም ብንሆን የእነርሱን ዕዳ እየጠራን የራሳችንን መዋጮ ስናዘገይ ማፈር አለብን።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። ሩብ አል ኻሊ የሚለውን ስም ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወልሁ ቁጥር ስለ ቤተሰብ ጤና ጠይቀው ሲያበቁ «ለመሆኑ በዚያ በዓረቦቹ በረሃ ዘንቧል ወይ? ጠባቂውስ አለ?» ይሉኛል።