የኒቆዲሞስ ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደምናነበው፥ የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ጌታችንን ሊያስይዙ በተሰበሰቡ ጊዜ ከመካከላቸው ኒቆዲሞስ አንድ ጥያቄ አነሣ። ይኸውም ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ በሕጋችን ተፈቅዷል ወይ የሚል ነበር። መልስ የሰጠው ግን አልነበረም፤ እርሱንም እንደ ገሊላ ሰው ቆጥረው ዘለፉት።

ሕዝብ ስለ ጦርነት አንድ ድምፅ ሲሆን የሚታየውም ይህንኑ ይመስላል። ታዲያ በዚያን ጊዜ ሁሉም ከልቡ ጦርነትን ወድዶ ነውን? ወይስ ሌላው ሁሉ የወደደ እየመሰለው ዝም የሚለው ብዙ ነው?

ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጥናት ወጣቶችን ሰብስቦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ጠየቃቸው። ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሆን ብለው እንዲሳሳቱ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ብቻቸውን ሲጠየቁ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር የማይሳሳቱት ወጣቶች፥ በብዙኃኑ መካከል ሲሆኑ ከመልሳቸው ሢሶ ያህሉን ከሌሎቹ ጋር አብረው ሳቱ። ነገር ግን እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ በጎናቸው ሲቀመጥ ስሕተታቸው እጅግ ቀነሰ።

በጀርመን አገር የሆነውም ይህንኑ ያስረዳል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፥ እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 1914፥ የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ እንደራሴዎች ለጦርነቱ ስለሚሆነው ብድር ለብቻቸው መከሩ። 78ቱ ሲደግፉ 14ቱ ተቃወሙ። በማግሥቱ በምክር ቤቱ ፊት ግን ከ14ቱ የተቃውሞ ድምፅ የሰጠ አንድም አልተገኘም፤ እንዲያውም የድጋፉን መግለጫ ያነበበው ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የነበረው ሁጎ ሐዘ ነው። በዲሴምበር 2 ካርል ሊብክኔሽት ብቻውን ተነሥቶ ተቃወመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከፓርቲው የተቃወሙት 20 ደረሱ። ይህ ጦርነቱን አላስቆመውም፤ እስከ 1918 ድረስ ሚሊዮኖች አለቁ። በዚያን ጊዜ በሁለቱም ወገን ያሉ ክርስቲያኖች ለየራሳቸው ድል ይጸልዩ እንደ ነበር አንርሳ።

ነገር ግን ሩቅ አገር ምን አስኬደን? ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን ጦርነት ነበር። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። አንድ ቀን በክፍላችን ይህን ያህል ሰው ተገደለ የሚል ወሬ ሲነገር ጓደኞቼ አጨበጨቡ። ልቤ እየከበደኝ እኔም አጨበጨብሁ። ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ግን እጁን አላነሣም። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ፥ «ያን ቀን ከሁሉ ይልቅ አንተን ፈራሁህ፤ ከልብህ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ይህን ለንስሐ አባቴ ስናገር ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም። እርሱ ብቻውን የቀረው እኔ እጄን ስላላሳረፍሁ ነውና።

አገርን መውደድና ዳር ድንበርን መጠበቅ ጥፋት ነው አልልም። የሰው ሞት ሲነገር ማጨብጨብ ግን አገርን መውደድ አይደለም። በቅዳሴ ስለ ሰላም ጸልየን ወጥተን፥ በደጅ ወንድማችንን በአውሬ ስም ሲጠሩት ዝም ካልን ጸሎታችን ምን ይጠቅመናል? መጮኽ ባንችል እንኳ እንደ ኒቆዲሞስ መጠየቅ አያቅተንም። ወሬውን ማን አየው? የሞተውስ እናት የለውምን?

በመጨረሻም ይህን እናስተውል። በዚያ ሸንጎ ከውሳኔው ጋር ያልተስማማ ሌላም ሰው ነበር፤ እርሱም የአርማትያስ ሰው ዮሴፍ መሆኑን ሉቃስ በምዕራፍ 23 ጽፎልናል። ኒቆዲሞስና ዮሴፍ አንዱ የሌላውን ልብ አስቀድሞ ያውቅ እንደ ነበረ ወንጌል አይነግረንም። ጎን ለጎን ቆመው የምናገኛቸው ግን የጌታችንን ሥጋ ሲገንዙ ነው።

እኛስ እስከ መቃብር አንጠብቅ። ዛሬ አንዳችን ብንጠይቅ፥ ብቻዬን ነኝ ብሎ የፈራው ወንድማችን ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።