የቀረውን ልጅ ማን ይጠይቀው?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

 

ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) በኩፋ ከተማ ጨርቅ ነጋዴ እንደነበሩ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከደረሶቻቸው አንዱ የድኻ ልጅ ነበር። የዕለት ጉርስ ያጠረው ቤተሰቡ ከደርሱ አስቀርቶ ሥራ አስያዘው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ኢማሙ የልጁን መቅረት አስተውለው ስለ እርሱ ጠየቁ። ሲመጣም ምክንያቱን ሰሙ። ሌላው ደረሳ ከተበተነ በኋላ ገንዘብ በከረጢት ሰጥተው ከደርሱ እንዳይለይ፣ ሲያልቅበትም እንዲነግራቸው አዘዙት። ያ ልጅ በኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የዳኞች ሁሉ የበላይ ዳኛ የሆኑት አቡ ዩሱፍ ናቸው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ሰደቃ ለመናገር ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ከገንዘቡ በፊት የመጣው ነገር ነው። ኢማሙ ማን እንደቀረ ያውቁ ነበር!

ዛሬ በከተማችን ትምህርት ቤቶች ይህን የሚያውቅ ማን ነው? ስም ጠሪው መምህር የተጨናነቀ ክፍል ይዞ የቀሪ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱም እዚያው መዝገቡ ላይ ይቀራል። ልጅ ሲደባደብ ወላጅ ይጠራል። ዝም ብሎ ወደ ኋላ የሚቀረው ግን ማንንም ስለማያስቸግር አይታይም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ ከ8ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባለው ጊዜ የሚያስደነግጠን ነገር የለም። ከ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ስለ ፈተናው ክብደት አወራን። ለመሆኑ ልጁ የወደቀው በፈተናው ሳምንት ነውን?

በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ 9ኛ ክፍልን በደህና የፈጸመ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ የመመረቅ ዕድሉ ካልሆነለት ጓደኛው ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በ2007 ባወጡት ተከታይ ጥናት ደግሞ ከ8ኛ ክፍል የፈተና ውጤት ይልቅ የ9ኛ ክፍል መቅረት ውድቀቱን አስቀድሞ ይናገራል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ1990 ጀምሮ የተዘጋጀው "ቼክ ኤንድ ኮኔክት" የሚባል አሠራርም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ትምህርት ሊያቋርጥ ለተቃረበ ልጅ አንድ አማካሪ ይመደብለታል። አማካሪው መቅረቱን፣ ማርፈዱን፣ ውጤቱን በየጊዜው ያያል፤ ልጁን ያነጋግራል፤ ቤተሰቡ ዘንድ ይደውላል። ልጁ ትምህርት ቤት ቢቀይር እንኳ ቢያንስ ሁለት ዓመት አይለየውም።

"ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ከተማረው ያልተማረው ይበልጣል" የሚሉ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን ማን ይክዳል? ግን ደረሳውን ወደ ደርሱ የመለሱት ኢማምም ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ እንዲላላክ አላደረጉትም። ለመስጂድ ምንጣፍ ስናዋጣ እጃችን የማይያዝ ሰዎች፣ ከጎረቤታችን ልጆች የትኛው በዚህ ወር ስንት ቀን እንደቀረ ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን?

በየጀመዓው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወጣቶች አሉን። ትምህርት ቤቱን አስፈቅደው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሰው በሚያየው ቦታ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ልጅ ቢይዙ ምን ይከብዳል? ወንዶቹን ወንድሞች፣ ሴቶቹን እህቶች ይያዙ። ወደ ዐረብ አገር ልሂድ እያለች ደብተሯን የተወች የ9ኛ ክፍል ልጅ ልቧን የምትከፍተው ለታላቅ እህት ነው። አነጋገሩም አደብ አለው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ ላደረጉት ነገር እንዳልተገሠጹ ራሳቸው አውርተዋል። እኛ ግን ልጁን ገና ሳናስቀምጠው "ለምን ወደቅህ?" እንላለን።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በረመዷን ተነሳስቶ በሸዋል የሚጠፋ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አማካሪያቸው በሦስት ወር ውስጥ የተለያቸው ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ቀንሷል። አስቀድሞም የተተወ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ መተው ይበረታበታል። ስለዚህ ቃል የሚገባ ሰው በሁለት ዓመት ይግባ። መጀመሪያ የሚያስፈልገውም ገንዘብ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ስም ጠሪውን መምህር ሰላም ማለትና በዚህ ወር እነማን እንደቀሩ መጠየቅ ነው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።