ለፈትል እጃቸውን ለሚያነሡ ልጆቼ



«እማማ፣ እኔም እንደ እርስዎ መፍተል እወድ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜ ከየት ይምጣ?» እያሉ ወደ ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ ስለ ሄዱ፣ ለእያንዳንዳቸው በቡና መካከል የምመልሰውን ቃል ሰብሰብ አድርጌ በጽሕፈት ላቆየው ወደድሁ። የምመክራችሁም 31 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል፣ አራት ልጆች ሳሳድግ፣ በኋላም እናቴን በደዌዋ ዘመን ሳስታምም፣ እንዝርት ከእጄ ሳይለይ የቆየበትን መንገድ ነው። ትርፍ ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ እናንተ የምትጠብቁት ያ ባዶ ቀን፣ የቤቱም የመሥሪያ ቤቱም ጣጣ ሁሉ አልቆ እጅ የሚፈታበት ቀን፣ ለእኔ እንዳልመጣልኝ ለእናንተም እንደማይመጣ በቍርጥ እንድታውቁት ብዬ ነው።

ልማዴ ይህ ነበረ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ተነሥቼ ጸሎቴን ካደረስሁ በኋላ፣ ውሃው በምድጃው ላይ እስኪፈላ ድረስ፣ በሙዳይ ካስቀመጥሁት አመልማሎ፣ ለፈትል ከተጠቀለለው ጥጥ፣ አንዱን ብቻ አንሥቼ እፈትላለሁ፤ ውሃው ሲፈላ አመልማሎው ባያልቅ እንኳ እንዝርቴን አስቀምጬ እነሣለሁ። ማታ ደግሞ ራት ተበልቶ ዕቃው ከታጠበ በኋላ፣ ልጆቹ ትምህርታቸውን ጮኽ እያሉ ሲያጠኑ፣ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ሁለት ወይም ሦስት አመልማሎ እጨርሳለሁ። ከዚህ የበለጠ የሠራሁበት ቀን ጥቂት ነው። ነገር ግን በሰኔ የጀመርሁት ፈትል መስከረም ሊያልቅ ሲል ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ሆኖ ይገኛል፤ ጋቢም አራት እጥፍ የሆነ ሸማ ነውና የሚበላው ፈትል ቀላል አይደለም። አራቱ ልጆቼ ሲዳሩ እያንዳንዳቸው የለበሱት ጋቢ ውሃ እስኪፈላ በተሠራ ሥራ የተገኘ ነው።

ይህንንም ሥርዓት እኔ አልፈጠርሁትም። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ ዝሎ፣ ሐሳቡም ተበታትኖ ምን ላድርግ ብሎ በተጨነቀ ጊዜ፣ መልአክ በሰው አምሳል ተገልጾለት፣ ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ፣ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ዳግመኛም ተቀምጦ ሲታታ እንዳሳየው አበው ይተርኩልናል። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ በልቤ አመላልሰዋለሁ። መልአኩ ያለቀ ሰሌን አላሳየውም፤ ያሳየው መቀመጡንና መነሣቱን፣ ተመልሶም መቀመጡን ነው። በገዳሞቻችን ተግባረ እድ፣ ማለት የእጅ ሥራ፣ ከጸሎት ጋር ተጋብቶ የኖረው በዚሁ ሥርዓት ነው። እናንተም ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስትነሡ አትበሳጩ፤ የሚያሳዝነው ተመልሶ አለመቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከእናንተ ብዙዎቹ ከገበያ የተፈተለ ክር ገዝታችሁ ወደ ጥልፉና ወደ ሹራቡ ለመሄድ ትቸኩላላችሁ። አልከለክላችሁም፤ ዳሩ ግን አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለአንድ ልቃቂት ያህል፣ ከነፍሬው ካለው ጥጥ ጀምሩ። ፍሬውን በመዳመጫ ለዩ፤ የቀረውን በደጋን ንደፉት፤ የደጋኑ ጅማት በተርገበገበ ቍጥር ተጨምቆ የኖረው ጥጥ እየተፈታ፣ እያበጠ፣ እንደ ማለዳ ጉም ነጭ ባዘቶ ሲሆን እዩት። ያንንም ባዘቶ በቀጭን ዘንግ ላይ ጠቅልላችሁ ዘንጉን ስትመዙት አመልማሎው በእጃችሁ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ድካም የማዝዛችሁ፣ ክር ከምን እንደሚቆም ጣታችሁ እንዲያውቅ ነው። አንዲቱ የጥጥ ጠጕር ብቻዋን ስትታይ ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከእርሷና ከመሰሎቿ ግን ኮረብታ የሚዞር ክር ይወጣል። ምክንያቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ጠጕሯ ገና በእሸትነቷ፣ በተዘጋው ፍሬ ውስጥ ሳለች፣ ውስጧ ውሃ የመላ ቀጭን ቧንቧ ነበረች፤ ፍሬው ፈንድቶ ፀሐይ ሲያገኛት ውሃዋ ይደርቅና ትጠፈጠፋለች፣ በራሷም ላይ ትጠማዘዛለች። አንዷ ሌላዋን መያዝ የምትችለው በዚህ ጥምዛዜ ነው፤ እኛም በእንዝርት የምንጨምርላት ፈጣሪ አስቀድሞ የጀመረላትን ነው። እንዝርቱ በጭናችሁ ላይ ተንከባሎ ሲሾር ጠጕሮቹ ይተቃቀፋሉ፤ ሲስቧቸውም ይበልጥ ይያያዛሉ። ክሩ የላላ እንደ ሆነ በትንሽ ስበት ይላቀቃል፤ እጅግ የከረረ እንደ ሆነ ደግሞ በራሱ ላይ ይጠቀለላል፣ ይቋጠራል፣ አይታዘዝም። ሰዎች ሲጣሉ «ነገሩ ከረረ» የምንለው ቃል ከእናቶቻችን እንዝርት የተገኘ ይመስለኛል። መካከለኛውን ልክ በቃል ላስተምራችሁ አልችልም፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት በብዙ መበጣጠስ የሚማሩት ነገር ነው። ይህን ብቻ ልንገራችሁ፦ በክረምት ርጥበት ክር ይታዘዛል፤ በበጋ ደረቅ ነፋስ ግን ይበጣጠሳልና በበጋ ወራት ማለዳን ምረጡ።

የድር ክርና የማግ ክርም አንድ አይደሉም። ድር ተወጥሮ የሚሠራበት ስለ ሆነ ቀጭንና ከረር ያለ፣ ማግ ግን በመወርወሪያ ሆኖ በድሩ መካከል የሚመላለስ ስለ ሆነ ወፈርና ላላ ያለ መሆን ይገባዋል። በአሁኑ ዘመን ብዙዎቹ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር አድርገው ማጉን ብቻ ከእጅ ፈትል ይቀበላሉና፣ ጀማሪ የሆነ ሰው በማግ ይጀምር።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ፍተሉ ያልኋችሁን ምክር እኔ ራሴ ሳልሰማ የሠራሁትን አንድ በደል ልናገር። በ19 ዓመቴ ታላቅ ወንድሜ ሊያገባ ቀኑ ተቈርጦ ሳለ፣ ጋቢውን እኔ ፈትዬ አለብሰዋለሁ ብዬ በሰው ፊት ተናገርሁ። ወራቱን በሌላ ነገር አሳለፍሁና፣ ሠርጉ ሲቀርብ ሌሊት ሌሊት በኵራዝ ብርሃን እየቸኰልሁ ፈተልሁ፤ የወጣውም ክር አንድ ስፍራ እንደ ገመድ የወፈረ፣ ሌላ ስፍራ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ሆነ። ይህንንም ዐውቄ አላረምሁትም። መጥፎውን በልቃቂቱ ውስጥ አድርጌ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ፈትል፣ በጥንቃቄ የሠራሁትን፣ በላዩ ጠቅልዬበት ሽሮ ሜዳ ለነበሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ወስጄ ሰጠሁ። ከዶርዜ የመጡ፣ በሽመና ጕድጓዳቸው ተቀምጠው ሲሠሩ እግራቸውም እጃቸውም የማይሳሳት ሰው ነበሩ። በሳምንቱ ብመለስ ሥራው አልተጀመረም። ልቃቂቶቹን በቀሰም ላይ ሲያጠነጥኑ ክሩ ውስጥ ውስጡን እየተበጠሰባቸው፣ የተበጠሰውን በአንድ ወገን፣ ደኅናውን በሌላ ወገን ለይተው አኑረውት ነበር። አልተቈጡም። «ልጄ፣ ላዩን የፈተልሽው አንቺ ነሽ፤ ውስጡን የፈተለው ማን ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ወንድሜ ከገበያ የተገዛ ጋቢ ለብሶ ተዳረ፤ የእኔ ጋቢ የደረሰው የመጀመሪያ ልጁ ክርስትና ሲነሣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሬ ባልተስተካከለ ጊዜ ክፉውን በርዝመቱ ቈርጬ አወጣዋለሁ፤ ያን ቍራጭ ትራስ ለመሙላት እንጂ ልቃቂት ለመሸፈን አላውለውም።

ወንዶች ልጆቼ ይህን ስታነቡ «ፈትል የሴት ነው» እንደምትሉ ዐውቃለሁ። በሀገራችን ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሆኖ መኖሩ እውነት ነው፤ አባ እንጦንስ ግን ወንድ ነበረ፣ ጣትም ወንድና ሴት አይለይም። ከዚህ የሚከፋ ልማድም ነበረን፤ ሸማውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እየገባን ሸማኔውን እንንቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከአፍ ቶሎ ስላልጠፋ እኔ በልጅነቴ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። መጻሕፍት ግን እንዲህ አያስቡም። በኦሪት ዘጸአት በ35ኛው ምዕራፍ፣ ደብተራ ኦሪት ሲሠራ፣ ጥበበኞች ሴቶች በእጃቸው የፈተሉትን ባለ ቀለም ፈትል ይዘው መጥተዋል፤ የፈተሉት እጆች ከወርቁና ከዕንቍው ጋር ተቈጥረዋል። እመቤታችንም ቅዱስ ገብርኤል ባበሠራት ጊዜ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆን ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበር ሊቃውንቱ ያስተምሩናል፤ ሠዓሊዎቻችንም ክሩን በእጇ አድርገው ይሥሏታል።

ስለ መጋረጃ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ሐር የተሠራ፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ የቤተ መቅደስ መጋረጃ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ እንደ እርሱ ያለ ሌላም በካናዳ፣ በቶሮንቶ፣ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። የተሠራውም በተራ የሸማኔ ዕቃ አይደለም፤ በየማዕዘናቸው የተበሱ ትንንሽ አራት ማዕዘን ገበታዎች በየቀዳዳቸው ክር ገብቶባቸው፣ ሠሪው እነዚያን ገበታዎች በእጁ እያዞረ፣ በእያንዳንዱ መዞር ክሮቹ እርስ በርሳቸው እየተጠማዘዙ ማግ ያልፍባቸዋል። በዚህ ስልት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ መቀነትና ጥብጣብ የሚያህል ጠባብ ነገር ነው። በመቶ የሚቈጠሩ ገበታዎችን አሰልፎ፣ የሰው መልክና መስቀል እያወጣ፣ በዚህ ስፋት መሥራት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እጁን በክር ያደከመ ሰው ብቻ ይገምተዋል። የሠሪዎቹ ስም አልተጻፈም። ሥራቸው ከተሰቀለበት ከመቅደሱ ርቆ በሰው ሀገር መኖሩን ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ ከእናንተ አንዱ ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ የሚኖር ቢሆን ሄዶ ፊት ለፊቱ ይቁም፣ ክሩን በዓይኑ ይከተል።

ከአንድ በላይ ሥራ መያዝ ይቻላልን ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ሁለት ያዙ፣ ሦስተኛ ግን አትጀምሩ እላችኋለሁ። አንዱ ልብና ዓይን የሚፈልግ ይሁን፣ እንደ ጥልፍ ያለ፤ ሁለተኛው እጅ ብቻውን የሚሠራው ይሁን፣ እንደ ፈትል ያለ፣ ሰው እያጫወታችሁ፣ በሽተኛ እየጠበቃችሁ የምትሠሩት። ስፌት የምትወዱ ደግሞ ወቅቱን አክብሩ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስንደዶውና አክርማው ሳይጠወልግ ካልተሰበሰበ፣ በጥር ወስፌ ይዞ መፈለግ ከንቱ ነው። ጥጥ በማይገኝበት በብርድ ሀገር የምትኖሩም የበግ ጠጕር አያሳፍራችሁ፤ የመንዝ ሰዎች ከእርሱ ፈትለው ባናና ዝተት እየሠሩ ያንን ውርጭ ችለውት ኖረዋል። ስለ መሸጥ የምለው ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያውን ሥራ ስጡ፣ ሁለተኛውንም ስጡ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አስቡ። በሰንበት እንዝርታችሁን አስቀምጡ። ዓይናችሁን በጨለማ አታድክሙ፤ እኔ አድክሜው ዛሬ በመርፌ ክር የሚያስገባልኝ የልጅ ልጄ ነው።

የመጀመሪያ ልቃቂታችሁን አትጣሉት። እናቴ ካረፈች በኋላ ሙዳይዋን ስከፍተው፣ በሰባት ዓመቴ የፈተልሁትን ቋጠሮ የበዛበት ክር በጨርቅ ጠቅልላ አቆይታልኝ አገኘሁ። ከአጠገቡም እንዝርቷ፣ በላዩ የጀመረችው ፈትል፣ ከጫፉ ተንጠልጥሎ ግማሹ የቀረ አመልማሎ ነበረ። ለፈታይ ሰው ቋጠሮ አያስፈልገውም፤ የአዲሱን አመልማሎ ጠጕር በአሮጌው ክር ጫፍ ላይ ዘርግታችሁ እንዝርቱን ስታሾሩት ይያያዛል። ተዝካሯ ከወጣ በኋላ፣ በአንድ ማለዳ፣ ውሃው እስኪፈላ፣ የእርሷን ግማሽ አመልማሎ ፈትዬ ጨረስሁና የእኔን ቀጠልሁበት። ክሩን አሁንም በዚያው እንዝርት ላይ እንዳለ አኑሬዋለሁ፤ መጋጠሚያው የት ላይ እንደ ሆነ በጣቴ ብፈልገው አላገኘውም።