አረም ማን ነው?

አረም የሚባል ተክል የለም። ስንዴ የሚባል አለ፤ ተልባ የሚባል አለ፤ ግራዋ የሚባልም አለ። አረም ግን የተክል ስም ሳይሆን የፍርድ ስም ነው፤ “ሌባ” እንደ ማለት። ማንም ሌባ ተብሎ አይወለድም፤ የሰው ቤት ውስጥ ሲገኝ ነው ስሙ የሚወጣለት። ገብስ እንኳን፣ ያ ስንቱን ቤት ያቆመ ገብስ፣ ጤፍ ማሳ ውስጥ ብቅ ካለ አረም ነው።

ገበሬው በዚህ ፍርዱ አይወቀስም። ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚያርመው፣ ልጆቹ የሚበሉትን እህል የሚሻማበት ስላለ ነው። ከሳሹም ዳኛውም ራሱ ቢሆን እንኳ ጉዳቱ በዓይን የሚታይ ነው። የእኛ የከተሜዎቹ ነገር ግን ለየት ይላል። ግቢያችን ውስጥ ጤፍ አልዘራን፣ ገብስ አልዘራን። የዘራነው ነገር ቢኖር “ሰው ምን ይለኛል” የሚባለውን ብቻ ነው። ታዲያ የማንን ምርት ቀማ ብለን ነው በየጥጋጥጉ የበቀለውን ሁሉ ስንነቅል የምንውለው?

እስቲ አደይ አበባን እንውሰድ። በእንቁጣጣሽ ሰሞን አደይ የሌለችበት ቦታ የለም። ፖስት ካርዱ ላይ አለች፤ ቴሌቪዥኑ ላይ አለች፤ የባንኩ የመልካም ምኞት መግለጫ ላይ አለች፤ ልጆች ሥለው በሚያመጡልን ወረቀት ላይም አለች። መሬት ላይ ስንፈልጋት ነው የምናጣት። ለምን ብትሉ፣ አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነች። አምና የረገፈው ዘሯ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፤ ሐምሌንና ነሐሴን አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ሆና ትከርማለች፤ በመስከረም ታብባለች፤ ከዚያ ዘሯን አርግፋ ትሞታለች። እንግዲህ ሐምሌ ላይ ያያት ሰው አደይ አይላትም፤ አረም ነው የሚላት። “ለበዓሉ ግቢው ይጽዳ” እንልና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማጭድ እናነሳለን። ከሳምንት በኋላ ደግሞ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ልጆች አንድ እስር አደይ እንገዛለን። ለበዓሉ ብለን የበዓሉን አበባ አጨድነው ማለት አይደል?

እኔ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት ከሕንጻው ጀርባ ሁለት መቶ ካሬ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። “ባዶ” የምለው ለወጉ ነው እንጂ ሰርዶውም፣ ማገጡም፣ አደይዋም፣ ስሙን የማላውቀውም ሁሉ ሞልቶበታል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ ኮሚቴው ስብሰባ ጠራና “ይሄ ጫካ ይጠረግ፤ ግማሹ ኮብልስቶን ይነጠፍበት፤ ግማሹ የተገዛ ሣር ይተከልበት። የሰው አገር እንዲህ ነው” የሚል ሐሳብ አቀረበ።

“እሱስ ይሁን፤ እባብ እኮ ነው የሚያሰጋኝ” አሉ ምድር ቤት የሚኖሩ እናት። ቀላል ነገር አይደለም፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚጫወቱት እዚያው ነው። “ሌባ ይደበቅበታል” ያለም ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር እጃቸውን አወጡና፣ “እትዬ፣ ቤታችን ሥር ያለውን እናጭዳለን። መተላለፊያውንም እናጭዳለን። መሀሉን እስከ ኅዳር ብንተወው ግን ማንን ይጎዳል?” አሉ። ወጣቱ ሊቀመንበራችን “ጋሼ፣ እሱ እኮ አረም ነው” ቢላቸው፣ “መስከረም ይጥባና አይተኸው ያኔም አረም ካልከኝ፣ እኔው ራሴ አጭደዋለሁ” ብለው ተቀመጡ።

በዚያው ተስማማን። መስከረም ሲጠባ ማጭዱን ያነሳ ሰው አልነበረም። ቦታው ቢጫ ሆነ። ንቡና ቢራቢሮው ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ገበያ ይሆን ነበር። እኒያ እናት ለበዓል የጎዘጎዙትን ሣር ከመተላለፊያው ዳር ነው ያጨዱት። የግቢያችን ሴት ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ ሲወጡ የያዙት አደይም የተገዛ አልነበረም። ሁሉም ሰው ተደሰተ ለማለት አልደፍርም። አሁንም ባለፉ ቁጥር “ጫካችሁ ደህና ነው?” እያሉ የሚያሾፉ ጎረቤት አሉን።

“የሰው አገር እንዲህ ነው” ስለተባለው ግን ትንሽ ልጨምር። ያ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ ሣር ከእንግሊዝ ባላባቶች ግቢ የወጣ ፋሽን ነው። በማጭድና በበግ ሲጠበቅ የኖረውን ሣር በማሽን ማጨድ የተጀመረው በ1830 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅ ፊት የሚላጨውን ማሽን አይቶ ነው ማጨጃውን የሠራው። ሣሩ ምንጣፍ ምንጣፍ ቢለን አይግረመን፤ ከጨርቅ ነው የተማረው። ዛሬ እነዚያው እንግሊዞች ዞር ብለው ሲያዩ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከ1930ዎቹ ወዲህ 97 በመቶ የሚሆነው የዱር አበባ መስካቸው ጠፍቷል። ስለዚህም ፕላንትላይፍ የሚባለው ማኅበራቸው ከ2019 ጀምሮ “በግንቦት ወር ሣራችሁን አትጨዱ” እያለ ሕዝቡን ይለምናል። እኛ የእነሱን ምንጣፍ ልናነጥፍ ስንሯሯጥ፣ ባለቤቶቹ እየጠቀለሉት ነው።

ምንጣፉ ምን ችግር አለበት? ለዓይን ምንም። ለንብ ግን ምድረ በዳ ነው። ሣር ዘሩን የሚያዳቅለው በነፋስ ስለሆነ ለንብ የሚሰጠው ማር የለውም፤ በመሀሉ አበባ ልታወጣ የምትሞክረው ማገጥ ደግሞ በየሳምንቱ አንገቷ ይቀላል። በደጋው አገራችን ዋናው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከክረምቱ ማግስት አደይና ዘመዶቿ ሜዳውን ስለሚሞሉት ነው። የአደይ ዘመድ የሆነው ኑግም ቢሆን ንብ ካልጎበኘው እንደ ልቡ ፍሬ አይዝም።

ነገሩ ከንብም ያልፋል። ቅጠል የሚበሉ ብዙ አባጨጓሬዎች ያገኙትን ሁሉ አይበሉም፤ ለዘመናት የለመዱትን የተክል ወገን ብቻ ነው የሚበሉት። ጥሬ ለቃሚ የምንላቸው ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በአባጨጓሬ ነው። ተክሉ ሲነቀል ትሉ ይሄዳል፤ ትሉ ሲሄድ ወፏ ትሄዳለች። ከዚያ እኛ “ድሮ ጠዋት በወፍ ድምፅ ነበር የምንነቃው” እያልን እንተክዛለን።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስለ አገር በቀል ተክል የሚያወራ ሰው ሳያስበው ጎትቶ የሚያመጣት አንዲት ቃል አለች፤ “መጤ” የምትባል። የግብርና ባለሙያ “መጤ ወራሪ አረም” ሲል ትርጉሙ የታወቀ ነው። ይህች ቃል ከማሳ ወጥታ ሰፈር ስትገባ ምን እንደምትሠራ ግን አይተናል። “መጤ” ተብሎ ስንቱ ሰው ወልዶ ከሳመበት ቀዬ ተነቅሏል። “ተነቀለ” የሚለው ግሥ ራሱ የአረሙ ግሥ ነው። ስለዚህ “የበቀለው ጥሩ፣ የመጣው መጥፎ” ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። ደግሞም እውነት አይደለም።

በርበሬ መጤ ነው። ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ ዓለምን የዞረው ከኮሎምበስ በኋላ ነው፤ ያለ እሱ ግን ዶሮ ወጥ የለም። በቆሎም እንደዚያው ነው፤ ድንችም እንደዚያው። ድንችን አገራችን አስገባ የሚባለው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1830ዎቹ መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ ወልዶ፣ አርጅቶ ነው የሞተው። የደጋችን ጦስኝ በሳይንሳዊ ስሙ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣውን ባሕር ዛፍም ብናማው፣ ቤታችንን የሠራነውና እንጀራችንን የጋገርነው በእሱ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የወፍ ቆሎ አለች። እሷም ከአሜሪካ ነው የመጣችው፤ ለአጥር ጌጥ ተብላ። አበባዋ እውነትም ያምራል። ነገር ግን ከአጥሩ ሾልካ የግጦሽ መሬት ወረረች፤ ከሥሯ ሌላ ተክል እንደ ልቡ አታስበቅልም፤ ከብት ከበላት ትመርዘዋለች። እንግዲህ በርበሬም የወፍ ቆሎም አገራቸው አንድ ነው። የለያያቸው መጥተው የሠሩት ሥራ ነው።

ሚዛኑ ይሄ ይመስለኛል፤ “ከየት መጣህ?” ሳይሆን “አንተ ባለህበት ለጎረቤትህ ምን ተረፈው?” የሚለው። ሰው በዚህ ከተክል ይሻላል። ዛሬ መጥቶ ነገ ዕድር ይገባል፤ ቋንቋ ይማራል፤ ልጁን ይድራል፤ ቀብር ይቆማል። ተክል ግን ከንቡ፣ ከትሉና ከወፉ ጋር ለመላመድ ብዙ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል። አገር በቀሉን አበባ የምመርጠውም ለዘሩ ኩራት ብዬ አይደለም። በእሱ ማዕድ የሚቀመጡ ብዙ ጎረቤቶች ስላሉት ነው።

“ሰው ቤት ባጣበት ከተማ ስለ ቢራቢሮ ታወራለህ?” የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቦታው ቤት የሚሠራበት ቢሆን ዝም እል ነበር። ጎመን የሚዘራበት ቢሆንም ከገበሬው ጋር ሆኜ አርም ነበር። እያወራን ያለነው ግን ለመታየት ብቻ ስለተቀመጠ መሬት ነው። ለመታየት ከሆነ ደግሞ ርካሹ የትኛው ነው? ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የተገዛው ሣር በጋውን ሙሉ ውኃ ይጠጣል። አደይ ግን የምትጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትዕግሥት። “ምን ይጠቅመናል?” የሚለው ጥያቄም ቢሆን በልኩ ሲሆን ነው ደግ። ቢራቢሮ ለእኔ ምንም አትጠቅመኝም። የማይጠቅመን ሁሉ ይነቀል ከተባለ ግን ጥያቄው እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ አይቀርም፤ አንድ ቀን ወደ ሽማግሌው፣ ወደ በሽተኛው፣ ወደ ድሃው ይዞራል።

ግቢ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ሁሉንም ልቀቁት አልላችሁም። በቤቱ ሥርና በመተላለፊያው እጨዱ፤ መንገድ ያለው ሜዳ የተተወ ሳይሆን የታሰበበት መሆኑ ያስታውቃል። የቀረውን ዘሩ እስኪረግፍ፣ ማለትም እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ታገሡት። ከዚያ አጭዳችሁ ሣሩን ውሰዱት፤ እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያሰባውና ወፍራሙ ሣር አበባውን ይውጠዋል። ለአጥራችሁ ጽጌረዳ ካማራችሁ ደግሞ ቀጋ አለላችሁ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በራሱ የበቀለ ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። አበባው ለንብ ነው፤ ፍሬው ለወፍና ለእረኛ። አበባው ተደራርቦ የሞላው የገበያው ጽጌረዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለንብ የሚሆን ነገር የለውም። የአገራችንን ዕፅዋት ማየት የፈለገ ሰው አንድ ቅዳሜ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ብቅ ይበል፤ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነ ትምህርት ቤት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ሚዛኑን ወደ ራሳችን ማዞር ያለብን ይመስለኛል። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ያለበሰ፣ በተረፈችው ክንድ በምታህል መሬት ላይም ምንጣፍ የዘረጋ፣ ባለበት ቦታ ለማንም ምንም የማያስተርፍ አንድ ፍጡር አለ። አደይ ነሐሴ ላይ አፍ ቢኖራትና ዳኝነቱ ለእሷ ቢሰጥ፣ አረም ብላ የምትጠራው ማንን ይሆን?